አርባ አረንጓዴ ረድፎች

በቢሮው ውስጥ መርፌ ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷ ግን ሙገሳ ነው ብላ ተቀብላዋለች። የድረ ገጽ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ገጹ ላይ ከተደረደረው ነገር ሁሉ የሚፈለገውን ብቻ ለይቶ መያዝና መልክ መስጠት ነው፦ ይህን ርዕስ አግኘው፣ ያን ቁልፍ ሰማያዊ አድርገው፣ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ያልተከፈተውን ብቻ አድምቀው። ሌላው ሰው አንድ ቁልፍ ለማቅለም ገጹ ላይ ባልዲ ሙሉ ቀለም ይደፋል፤ እሷ አንዱን ነጥላ ትወጋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ቀለሟ ካሰበችለት ቦታ ውጪ ፈስሶ አያውቅም፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች።

ፊት ለፊቷ የሚቀመጠውን ባልደረባዋን ደግሞ ይብለጥ ይሉታል። ይህን ስም ያወጣችለት ራሷ ናት። የገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ ሁለት ትእዛዞች ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ለመከተል ግን ቁጭ ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። ማሰብ ለሚከብደው ሰው ከትእዛዙ ጫፍ የምትለጠፍ አንዲት ቃል አለች፤ ትርጉሟ “ይህ ከሁሉም ይብለጥ” ነው። ይብለጥ ያችን ቃል ወጥ ሳይቀምስ ጨው እንደሚጨምር ሰው ይበትናታል። ርዕሱ ከሁሉም ይብለጥ። ቁልፉ ከሁሉም ይብለጥ። በሁለት መስመር መሃል ያለው ባዶ ቦታ እንኳ ከሁሉም ይብለጥ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ከሁሉም ይበልጥና ማን ማንን እንደሚታዘዝ የሚያውቅ ይጠፋል።

“ይሠራል እኮ፣ መርፌ። ምን ጎደለው?” ይላታል።

“አእምሮ።”

ይብለጥ ይስቃል። ከኮዱ ይልቅ የሚያንገበግባት ሳቁ ነው። የተሰደበ ሰው ቢያንስ መሰደቡን ማወቅ አለበት ብላ ታምናለች።

ቤት ስትገባም ወሬዋ እሱ ነው። የምትኖረው ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ከሚጢ ጋር ነው። መርፌ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ሚጢ “ዛሬስ ያ ደነዝ ምን አደረገ?” ብላ ትጠይቃታለች፤ መርፌም የሰውየውን አስተያየት፣ አነጋገር፣ አፉን ከፍቶ ስክሪን ላይ መፍዘዙን ሳይቀር እያስመሰለች ታወራላታለች። ሚጢ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ስለ ኮድ የምታውቀው ነገር የለም፤ ይብለጥን ግን አብራው ያደገች ያህል ታውቀዋለች።

ሚጢ የምትሠራው ማዳም የሚሏት ሴትዮ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራለች። የምትፈልገው ነርስ መሆን ነው። ማሰልጠኛው በዓመት አርባ ሰው ብቻ ይቀበላል፤ ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ቀርታለች። ዘንድሮ ሦስተኛዋ ነው፤ ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን ደግሞ አይፈቀድም። ቤት ውስጥ ስለ ፈተናው ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ጠፍቷል። እናትየው ብቻ አንዳንዴ ድስቱን እያማሰለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ “ምን አለ ዘንድሮ እንኳ” ትላለች።

የማሰልጠኛውን የውጤት ገጽ የሚሠራው ደግሞ የእነ መርፌ ቢሮ ሆነ። መርፌ ነገሩን እንደሰማች ለአለቃዋ “እህቴ ተፈታኝ ናት፤ እኔ አልነካውም” አለችው። ደንበኛ አሠራር ነው። አለቃው አመሰገናትና ሥራውን ለይብለጥ ሰጠው።

ይህ አለቃ ኮድና የስልክ ቁጥር ቢያቀርቡለት የሚለይ ሰው አይደለም። የሚወደው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ቁልፍ ሲያስጠጉበት መንቀጥቀጥ አለበት፤ ርዕስ ከጎን ተንሸራቶ መምጣት አለበት። ስለ ውጤቱ ገጽም የሰጠው መመሪያ አንድ ነው፦ “ሰው ስሙን ሲያገኝ ደስ ይበለው።” ስሙን አግኝቶ የወደቀው በምን ደስ እንደሚለው አልተናገረም።

ሥራው ቀላል ነበር። ሁለት መቶ ሃያ ስም አለ፤ ያለፉት አርባዎቹ ረድፋቸው አረንጓዴ ይቀባል። ማሰልጠኛው ዝርዝሩን የሚልከው በውጤት ቅደም ተከተል፣ አንደኛውን ከላይ አድርጎ ነው። በኋላ ግን ደረጃ በይፋ እንዳይታይ ብለው ገጹ ላይ ስሞቹ በፊደል ተራ ይሁኑ አሉ።

በዚያ ቢሮ ማንም የሠራው ነገር ሌላ ሰው አንብቦ “አይቻለሁ፣ ይለፍ” የሚለውን ቁልፍ ሳይጫን አይወጣም። የይብለጥን ሥራ እንድታነብ ማክሰኞ ዕለት ለመርፌ ደረሳት። እውነተኛዎቹ ስሞች ስላልነበሩበት የእህቷን ነገር ያነሳ የለም፤ ይብለጥ ለሙከራ ብሎ “ተፈታኝ 001፣ ተፈታኝ 002” እያለ እስከ 220 ሞልቶታል። ይህን ስታይ ብቻዋን ፈገግ አለች። ስም ለመፈልሰፍ እንኳ የሰነፈ።

ከዚያ ወደ ኮዱ ገባች። ገጹን በሚያንቀሳቅሰው በጃቫስክሪፕቱ በኩል አንድ ትእዛዝ አለ፦ ረድፎቹን በፊደል ተራ አሰልፋቸው። በሲኤስኤሱ በኩል ሌላ አለ፦ ከላይ ያሉትን አርባ ረድፎች አረንጓዴ ቀባ፤ ከሁሉም ይብለጥ።

እጇ ማውሱ ላይ ቆመ።

ቀለሙ የተለጠፈው ሰውየው ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። አንድ ወንበር ላይ “ሙሽራ” ብሎ ጽፎ፣ ዘልሎ የተቀመጠበትን ሁሉ እንደመዳር ነው። ዝርዝሩ በውጤት ተራ ቢቆይ ኖሮ ከላይ ያሉት አርባዎቹ በእርግጥ ያለፉት ናቸው። ፊደሉ ካሰለፋቸው በኋላ ግን ከላይ የሚመጡት ስማቸው በ“ሀ” እና በ“ለ” የሚጀምረው ናቸው፤ አረንጓዴው ለእነሱ ነው። በሙከራው ጊዜ ይህ አልታየም፤ “ተፈታኝ 001” ቢያሰልፉትም ባያሰልፉትም አንደኛ ነው። መፍትሔው አንድ መስመር ነበር፦ ያለፈው ሰው ረድፍ ላይ “ያለፈ” የሚል ምልክት ማኖር፣ ከዚያ ምልክቱ ያለበትን ብቻ መርጦ መቀባት። በሌላ ሥራ ይህንኑ ሦስት ጊዜ አስረድታዋለች። ሦስቱንም ጊዜ “ገባኝ፣ ገባኝ” ብሏታል።

ልትጽፍለት ጀምራ ነበር። “ይህ” ብላ ቆመች። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ይብለጥ ያላት ነገር ትዝ አላት፦ “መርፌ እኮ ቀላሉን ነገር ታከብደዋለች።” አለቃውም ሰው ሁሉ እያየ ስቆ ነበር። ሐሙስ ዕለት አለቃው ይብለጥን አጠገቡ አስቀምጦ ገጹን በእውነተኛው ዝርዝር ሊያየው ቀጠሮ አላቸው። እዚያው፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ ጉድ ይፍላ። ማን ቀላሉን እንዳከበደ ያን ጊዜ ይታያል።

የጻፈችውን አጥፍታ “አይቻለሁ፣ ይለፍ” የሚለውን ተጫነች። ስለ ሚጢ አላሰበችም ማለት አይቻልም። አስባለች፤ ሐሙስ ይያዛል ብላ አለፈችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመስታወቱ ክፍል ጩኸት ጠበቀች። የመጣው ሳቅ ነው። አለቃው ቁልፉን ደጋግሞ እያንቀጠቀጠ ሲደሰት በመስታወቱ ታየዋለች። ይብለጥ እየተፍነከነከ ወጣ።

“ምን አለህ?” አለችው።

“አረንጓዴዎቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አርባ ናቸው፤ ልክ ነህ አለኝ።”

እንግዲያው ራሱ ደርሶበት አስተካክሎታል ማለት ነው ብላ ደመደመች። ለካ አንዳንዴም ያስባል። ፋይሉን ከፍቶ ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን የይብለጥን ኮድ ሁለት ጊዜ ማንበብ ክብሯን የሚነካ ሆኖ ታያት።

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገጹ ወጣ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኳ ጮኸ።

“እታለም” አለች ሚጢ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። “አረንጓዴ ነኝ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ፣ እይው። አረንጓዴ ነኝ እልሻለሁ። ለማዳምም ነገርኳት።”

“ምን ብለሽ?”

“ከዛሬ ጀምሮ ሸሚዝሽን ራስሽ ተኩሺ፤ አንገትጌው ላይ ያለው እድፍ ግን ከነፍስሽ ስለሆነ አይለቅም አልኳት። ሽርጡን ጠረጴዛው ላይ ጥዬላት ወጣሁ።”

መርፌ ከት ብላ ሳቀች። ፎቶውን ከፈተችው፤ የእህቷ ስም፣ ዙሪያውን አረንጓዴ። ሌላ ረድፍ አይታይም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለይብለጥ እንኳ ነገረችው። እሱም ብድግ ብሎ እጇን ጨበጣትና “እኔ የቀባሁት አረንጓዴ እኮ ነው” አላት። ለአንድ ጠዋት ያህል አልናቀችውም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ እንግዳ ተቀባይዋ እየተነጫነጨች መጣች። ከገጹ ግርጌ ያለው ስልክ የቢሮው ነው።

“እነዚህ የወደቁ ልጆች ሊገድሉኝ ነው” አለች። “አሥራ አንድ ሰው ደወለ። ሁሉም እኔ አንደኛ ነበርኩ ይላል። አንዷማ ፈታኙ ራሱ እጄን ጨብጦ በርቺ ብሎኛል ትላለች። ለሚጥለው ሰው ሁሉ እጅ የሚጨብጥ ፈታኝ ነው መሰለኝ።”

“ምን አልሻቸው?” አለ ይብለጥ።

“ውጤቱ ገጹ ላይ ያለው ነው አልኳቸዋ። ምን ልበል?”

መርፌ መልሱን አልሰማችም። ገጹን እየከፈተች ነበር።

አርባው አረንጓዴ ረድፍ ከላይ ጀምሮ ያለ አንዲት ክፍተት እንደ ሣር ተነጥፏል። ከአርባ አንደኛው እስከ መጨረሻው አንድም አረንጓዴ የለም። ከ“ሀ” እስከ “መ” ያለው ሁሉ አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ወድቋል። ሁለት መቶ ሃያ ሰው ከነቤተሰቡ፣ ከነጎረቤቱ ይህን ገጽ ከፍቶ አይቷል። እውቀት በፊደል ተራ ይታደላል እንዴ ያለ ሰው የለም። ሁሉም የራሱን ስም ፈልጎ፣ ቀለሙን አይቶ ወጣ። እሷም ያየችው የእህቷን ረድፍ ብቻ ነው። ሚጢ የቤት ስሟ ነው፤ የመዝገብ ስሟ የሚጀምረው በ“ለ” ነው።

አለቃው ክፍል ገብታ ስክሪኑን ስታሳየው መጀመሪያ አልገባውም።

“ቆጥሬዋለሁ እኮ። አርባ ነው።”

“አርባ ነው። አርባዎቹ ግን ሌሎች ናቸው።”

ይብለጥ ከኋላቸው ቆሞ ገጹን አየ። ረጅም ጊዜ አልወሰደበትም። “እኔ ነኝ” አለ። “ቦታውን ነው የቀባሁት።” ፊቱ አመድ መሰለ።

አለቃው የማሰልጠኛውን ዝርዝር ለመርፌ ሰጣት፤ እህት አላት የላትም የሚባልበት ሰዓት አልነበረም። ፋይሉ በውጤት ተራ ነው። ላለማየት ብትሞክርም ዓይኗ የሚፈልገውን ስም ለይቶ መያዝ ልማዱ ነውና ያዘው። ስድሳ ሦስተኛ።

ምልክቱን አኖረች፣ የይብለጥን መስመር አጠፋች፣ በምትኩ የራሷን ጻፈች። ሦስት ደቂቃ ፈጀባት። ገጹን ለማውጣት አንድ ቁልፍ ብቻ ቀራት።

“አንድ ስልክ ልደውል” አለች።

“ለማን?” አለ አለቃው።

“ለእህቴ። አረንጓዴ ናት። ከገጹ ላይ ከምታየው ከእኔ ብትሰማ ይሻላል።”

“እውነተኛዎቹ አርባዎች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በአካል ሄደው መፈረም አለባቸው። ያልፈረመ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። አሁን ስምንት ሊሆን ነው። ገና መውደቃቸውን አምነው የተኙ አሉ።”

“ትደውል፣ ሁለት ደቂቃ ናት” አለ ይብለጥ።

ደወለች። መስመሩ ተይዟል። እንደገና ደወለች፤ ተይዟል። ሚጢ ለዘመድ አዝማዱ የምሥራቹን እየነገረች ነው። መርፌ ስልኩን አስቀምጣ ቁልፉን ተጫነች። ሣሩ ከላይ ጠፋና በየቦታው፣ እዚህ አንድ እዚያ ሁለት፣ ብቅ አለ። በ“ለ” መካከል አንድ ረድፍ ነጭ ሆነ።

አለቃው ግንባሩን ጠረገ። “እሺ፤ አንተ ጻፍክ፣ እሷ አነበበች” አለ። “ሁለት ሰው። ሁለታችሁም አላያችሁትም።”

“እሷን ይተዉአት” አለ ይብለጥ። “ይሄ ዓይን የሚገባ ነገር አይደለም። ጽፌው እኔ ያላየሁትን እሷ እንዴት ታየዋለች?”

ከልቡ ነበር። ሊያድናት ነበር። መርፌ ግን ጆሮዋ ጋለ። እሱ ያላየውን እሷ እንዴት ታየዋለች? ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀለም ያላፈሰሰች ሴት፣ በዚህ ሰው ዓይን ልክ ተለክታ ቆመች።

“አይቼዋለሁ” አለች።

ሁለቱም ዞሩ።

“ማክሰኞ ዕለት፣ ገና በመጀመሪያው ንባብ ነው ያየሁት።”

ከጸጸት የወጣ ቃል ቢሆን ደግ ነበር። ከእሱ ጋር እኩል ዕውር መባልን መሸከም ስላቃታት የወጣ ነው፤ “በመጀመሪያው ንባብ” ያለችውም ለዚሁ ነው። የተናገረችው ምን እንደሆነ የገባት አፏን ከዘጋች በኋላ ነው።

ይብለጥ አልሳቀም። “ብትነግሪኝ አስተካክለው ነበር እኮ” አለ፤ ነገሩ ግራ እንደገባው ሰው። ከዚያ ወደ ወንበሩ ሄደ።

አለቃው ገና ምን እንደሚል ሲያስብ ስልኳ ጮኸ። ሚጢ ናት።

“እታለም፣ ገጹ ተበላሸ መሰለኝ። ለእማዬ ላሳያት ብከፍተው አረንጓዴዬ ጠፍቷል። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ስልኬ ይሆን?”

“የት ነሽ?”

“ቤት። ነይና እይልኝ። ወይስ እዚያው ሆነሽ ማስተካከል ትችያለሽ?”

“መጣሁ” አለች መርፌ።

እናትየው የክት ቀሚሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጇን ወደ ፊርማው ልትሸኛት። ሚጢ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ መስኮቱ ሥር ቆማለች። መርፌ በሩ ላይ እንዳለች ነገረቻቸው። አላሳጠረችም፤ ወንበሩንም፣ ሙሽራውንም፣ ፊደሉንም አስረዳች፤ ማስረዳት ስለሚቀላት።

“ስንተኛ ነኝ?” አለች ሚጢ።

“ስድሳ ሦስተኛ።”

“ባለፈው ሰባ አምስተኛ ነበርኩ።” ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቆይታ ፊቷ ተለወጠ፤ መርፌ የምታውቀው፣ ራሷ ያስተማረቻት የንቀት መልክ መጣበት። “ያ ደነዝ ነው አይደል? ይብለጥ። አፉን ከፍቶ የሚፈዘው። አይ ሰው፣ አይ ሰው። ለመሆኑ ይህን ሰው እንጀራ የሚያበላው ማን ነው? ቆይ፣ የእሱን ስልክ ቁጥር ስጪኝ። አንቺ እንኳ የማታውቂውን ስድብ ነው የማጠጣው።”

“ልጄ፣ ተይ” አለች እናትየው።

“ምን እተዋለሁ፣ እማዬ። ስጪኝ ስልኩን።”

መስጠት ይቻል ነበር። ይብለጥ ይሰደባል፤ ልክ ነሽ ይላታል፤ ከእሱ አፍ የማክሰኞው ነገር አይወጣም። መርፌ ይህን ከማንም በላይ እርግጠኛ ነበረች፤ ለእሷ ሲል ሲከራከር ከሰማችው አንድ ሰዓት አልሞላም።

“ማክሰኞ አይቼዋለሁ” አለች።

“ምኑን?”

“ስህተቱን። እንዳነብ ተሰጥቶኝ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ።”

“ለምን?”

“እሱ እንዲያፍር።”

“እኔ እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዳለሁ ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ።”

“እና አፈረ?”

መርፌ ይብለጥ “ብትነግሪኝ” ሲል የነበረውን ፊት አሰበች። “አላፈረም” አለች።

ሚጢ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የሥራ ጫማዋን አጠለቀች። “ተነሺ እንሂድ።”

“ወዴት?”

“ማዳም ጋ። ሥራዬን ለምኜ ልመልስ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ትሰሚያለሽ።”

“እኔ ልናገርልሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ልበላት።”

“አፍሽን እንዳትከፍቺ።”

ላውንደሪው ውስጥ እንፋሎት ነበር። ፕላስቲክ የለበሱ ኮቶች ቁጥር አንጠልጥለው ከጣሪያ ተሰቅለዋል። አንድ ደንበኛ ካርኒውን ይዞ ይጠብቃል። ማዳም ከባንኮኒው ጀርባ ቀና አለችና አየቻት።

“ነርሷ መጣች” አለች ለደንበኛው። “ምነው፣ ሙቀቴን ልትለኪልኝ ነው?”

“አላለፍኩም፣ ማዳም። ገጹ ተሳስቶ ነው። ለተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ።”

“ምን ነበር የተናገርሽው? ረስቼዋለሁ።”

ሚጢ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ ያለችውን በሙሉ፣ ከአንገትጌው እድፍ ጋር፣ ደገመችው። ደንበኛው ካርኒውን እያገላበጠ ማንበብ ጀመረ። መርፌ ደፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

“መተኮሻው ላይ ሰው አስገብቻለሁ” አለች ማዳም ቀስ ብላ። “ማጠቢያው ክፍል ከሆነ ቦታ አለኝ።”

“እሺ።”

“እጅሽን ይልጠዋል። በኋላ አልነገርሽኝም እንዳትዪ።”

“እሺ፣ ማዳም።”

ማዳም ሽርጥ ከመሳቢያ አውጥታ ስትሰጣት ዓይኗ በሩ ላይ አረፈ። “ይቺስ? ካንቺ ጋር ናት?”

ሚጢ ሽርጡን ከኋላዋ እያሰረች ዞር ብላ አየቻት። ቁጥሩ ጠፍቶበት የማን እንደሆነ እንደማይታወቅ ኮት አየቻት። “አላውቅም” አለች። “ደንበኛ ትሆናለች፤ ይጠይቋት።” በመጋረጃው በኩል ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባች።

“የኔ እህት፣ ምን ይዘሽ ነው?” አለች ማዳም።

መርፌ እጆቿን አየች። “ምንም” አለች።

“እንግዲያው ከበሩ ዞር በይ፤ ሰው ይለፍበት።”

መርፌ ዞር አለች።